ነጠላው ላይ የቀረው ነጸብራቅ፦ የጥቁርና ነጭ ኢንክጄት ህትመት የጉዳይ ጥናት

በንጉሡ ዘመን ስቱዲዮ ውስጥ የተነሱ የቤተሰብ ፎቶዎች ስካን ተደርገው፣ በኤ2 መጠን በጥቁርና ነጭ ታትመው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሊሰቀሉ ነበር። ሥራውን ከመነሻው ያከበዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ፎቶዎቹ የሚሰቀሉት ያለ መስታወት መሆኑ ነው። አዳራሹ ለሌላ ዝግጅትም ስለሚያገለግል፣ ከባድና ተሰባሪ ፍሬም አልተፈለገም። ሁለተኛው፣ በአብዛኞቹ ፎቶዎች ላይ የሚታዩት ነጭ ቀሚስና ነጠላ የለበሱ ሴቶች ናቸው፤ ከጀርባቸው ጥቁር መጋረጃ አለ። ሰፊ ነጭ ከሰፊ ጥቁር አጠገብ ማለት ነው። ኢንክጄት ህትመት በጣም የሚፈተነውም በዚህ ዓይነት ምስል ላይ ነው።

ፕሪንተሩ ኤፕሰን ሹርከለር ፒ800 ነው። በፒግመንት ቀለም የሚሠራ፣ እስከ 17 ኢንች ስፋት ያለው ወረቀት የሚቀበል፣ ከጥቁሩ ሌላ ሁለት ደረጃ ግራጫ ቀለም ያለው ማሽን ነው። የመጀመሪያው ህትመት የወጣው 250 ግራም በሆነ ለስላሳ ግሎሲ ወረቀት ላይ፣ በተለመደው የከለር ሞድ ነበር። ፊት ለፊት ሲታይ እንከን አይወጣለትም፤ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ የፊት ቆዳውም ደረጃ በደረጃ ይፈስሳል። ችግሩ የመጣው የጣሪያው ስፖት ላይት በጎን ሲያገኘው ነው። ነጠላው ውስጥ ፍጹም ነጭ የሆኑት ቦታዎች እንደ ብርጭቆ ሲያብለጨልጩ፣ ከጎናቸው ያለው ቀላል ግራጫ ደግሞ ደብዘዝ ብሎ ቀረ። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ስለታም መስመር ሆኖ ስለወጣ፣ ልብሱ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ጥቁሩ መጋረጃም ከአንድ አቅጣጫ ሲታይ ነሐስ ነሐስ ይላል።

ለምን እንዲህ ይሆናል

ዳይ የሚባለው ቀለም በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ስለሆነ ወደ ወረቀቱ ሽፋን ጠልቆ ይገባል፤ የወረቀቱን ነጸብራቅ ብዙም አይነካውም። ፒግመንት ግን ጥቃቅን ጠጣር ቅንጣት ነው። ቅንጣቶቹ በሬዚን (ሙጫ መሰል ማያያዣ) ተሸፍነው የወረቀቱ ሽፋን ላይ ይቀመጣሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይሰምጡም። ስለዚህ ቀለም ያረፈበት ቦታ የራሱ ገጽ፣ የራሱም ነጸብራቅ አለው። ቀለም ያልነካው ነጭ ደግሞ የወረቀቱን ነጸብራቅ እንደያዘ ይቀራል። ለዘለቄታው ሲታሰብ ፒግመንት ይመረጣል፤ ለዓመታት ግድግዳ ላይ የሚውል ፎቶ ቶሎ መደብዘዝ የለበትምና። ነጸብራቁ የዚህ ምርጫ ዋጋ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር፣ ነጸብራቁ ከቀለሙ ጥቁረት ጋር እኩል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ አለመሄዱ ነው። ፈዛዛው ግራጫ ቀለም ፒግመንቱ ትንሽ፣ ግልጹ ፈሳሽና ሬዚን ግን ብዙ ነው። ጥቁሩ ተቃራኒው ነው። ድራይቨሩ (ፕሪንተሩን የሚመራው ሶፍትዌር) ከፈዛዛው ግራጫ ወደ መካከለኛው፣ ከዚያም ወደ ጥቁሩ ሲሸጋገር፣ ቶኑ (የግራጫው ደረጃ) ሳይቋረጥ ነጸብራቁ ብቻውን ሊዘል ይችላል። በከለር ፎቶ ሰማዩም ቆዳውም ሣሩም ላይ ቀለም ስላለ ይህ አይታወቅም። በጥቁርና ነጭ ግን ባዶ ነጭ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ዓይንን የሚያዘናጋ ሌላ ቀለምም የለም።

አቅጣጫውም እንደ ወረቀቱ ይለያያል። በጣም በሚያብለጨልጭ ለስላሳ ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ነጩ ከቀለሙ ይበልጥ ያንጸባርቃል። ረጋ ባለ የሳቲን ወረቀት ላይ ደግሞ ቀለሙ ከነጩ በልጦ ሊያበራ ይችላል። መፍትሔ ከመፈለግ በፊት የትኛው እንደሚያይል ማየት ይገባል፤ የወረቀት ምርጫው የሚወሰነው በዚህ ነው።

አራት ጥፋቶችን መለየት

ከጎን ሲታይ ደስ የማይል ነገር ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ህትመቱ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከደረቀ በኋላ ክፍሉ ጨለም ተደርጎ፣ አንዲት አምፖል ብቻ በርታ፣ ወረቀቱ በዓይን ከፍታ ተይዞ ወደ መብራቱ ቀስ እያለ ይዘነበላል። በነጭና በቀላል ግራጫ መካከል ድንበር ከታየ የነጸብራቅ ልዩነት ነው። ጥቁሩ ወደ ነሐስ ወይም ወደ አረንጓዴ ከሄደ ብሮንዚንግ የሚባለው ነው፤ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ጥላው ላይ የተከመረ ቀለም ነው። በወረቀቱ ስፋት የሚሄዱ ቀጫጭን የነጸብራቅ ሰንበሮች ካሉ ደግሞ የህትመት ጭንቅላቱ (ቀለም የሚረጨው የፕሪንተሩ ክፍል) ሲሄድም ሲመለስም እየረጨ ነው ማለት ነው። ሲሄድ ቀለሞቹ የሚነባበሩበት ቅደም ተከተል ሲመለስ ስለሚገለበጥ ገጹ በየሰንበሩ ይለያያል። በወረቀቱ ጉዞ አቅጣጫ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ከታዩም ጥፋቱ የቀለም ሳይሆን ወረቀቱን ከላይ የሚይዙት ጥርስ ያላቸው ትንንሽ መንኮራኩሮች ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንድ ላይ ነበሩ። ሰንበሩ በቀላሉ ተፈታ። ድራይቨሩ ውስጥ ሃይ ስፒድ የሚለው ምልክት ተነሣ፤ ህትመቱ ቢዘገይም ጭንቅላቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መርጨት ጀመረ። ጥራቱም ወደ 2880 ዲፒአይ ከፍ ተደረገ።

ማድረቁ ላይ መቸኮል ብዙ ሰው ያሳስታል። ቀለሙ ውስጥ ያሉት ግላይኮሎች ቀስ ብለው ነው የሚተኑት፤ እስኪወጡ ድረስ ጥቁሩም ነጸብራቁም አይረጋም። ትኩስ ህትመት ላይ የታየ ነሐስማ መልክ በማግስቱ ቀንሶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ህትመት ለግማሽ ሰዓት ያህል ተገልጦ ከቆየ በኋላ ነጭ ተራ ወረቀት ይለበስበታል፤ የሚተነውን እንዲመጥ ወረቀቱ ይቀየራል። እንዲህ አድሮ ነው ፍርድ የሚሰጠው።

ፈተናውን በትንሽ ወረቀት

ኤ2 ወረቀት እያበላሹ መሞከር ኪሳራ ነው። በኤ4 ላይ ሁለት ረድፍ ያለው የግራጫ መሰላል ተሠራ። የመጀመሪያው ከነጭ እስከ ጥቁር በ5% እየጨመረ 21 ደረጃ አለው። ሁለተኛውና ዋናው ለብሩሁ ጫፍ ብቻ ነው፤ 255 ፍጹም ነጭ፣ 0 ፍጹም ጥቁር በሆነበት የፋይል ሚዛን 255፣ 253፣ 251፣ 249፣ 247፣ 245፣ 243፣ 240 የሆኑ ሳጥኖች ጎን ለጎን ያለ ክፍተት ተደረደሩ። ክፍተት ያለመተዉ ምክንያት አለው፤ ዓይን የሚይዘው ነጸብራቁን ሳይሆን የነጸብራቁን ድንበር ነው። ሳጥኖቹ ከተራራቁ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ከተነካኩ ይጋለጣል።

ግሎሲው ወረቀት ላይ ዝላዩ በ255 እና በ253 መካከል ጎልቶ ታየ፤ ከ247 በታች ያሉት ሳጥኖች ግን እርስ በርስ ሊለዩ እስከማይችሉ ድረስ ተቀራረቡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ253 ላይ የሚረጨው ቀለም በጣም የተበታተነ ነጥብ ስለሆነ ወረቀቱን አይሸፍንም፤ ነጥቦቹ ሲቀራረቡ ነው ገጹ አንድ ዓይነት የሚሆነው። ይህ ቁጥር የዚህ ወረቀትና የዚህ ፕሪንተር ነው፤ ወረቀት በተቀየረ ቁጥር መሰላሉ እንደገና መታተም አለበት።

ፋይሉ ላይ የተሠራው

የመጀመሪያው ሕክምና ፍጹም ነጭ የሚባለውን ከፋይሉ ማውጣት ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ የሌቭልስ ሌየር ተከፍቶ ከታች ያለው የአውትፑት ነጭ ከ255 ወደ 248 ወረደ። ይህ ምን ያህል ያጨልማል ለሚለው ግምት የሚሆን ሒሳብ አለ። በኤስአርጂቢ (በተለመደው የቀለም ስታንዳርድ) ፋይል 255 በኤል ሚዛን፣ ማለትም በብሩህነት መለኪያ፣ 100 ቢሆን፣ 250 ከ98 በትንሹ ይበልጣል፣ 245 ወደ 96.5 ይደርሳል፣ 240 ደግሞ ከ95 በታች ይወርዳል። እስከ 248 ድረስ ያለው ጉድለት ግድግዳ ላይ አይታወቅም። 240 ላይ ግን ነጠላው መንጣቱን ይተዋል፤ የታጠበ ሳይሆን የዋለ ልብስ ይመስላል። የነጸብራቅ ድንበሩ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ማውረድ አያዋጣም፤ የሚፈለገው ድንበሩ የሚለሰልስበት ቦታ ላይ ማቆም ነው።

ማውረዱ ብቻውን ግን አልበቃም። አሮጌዎቹ ፎቶዎች ስካን ሲደረጉ ነጠላው ላይ ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸው ጠፍጣፋ ቦታዎች ነበሩ። እነዚህ ወደ 248 ሲወርዱ ነጭ ደሴት መሆናቸው ቀርቶ ግራጫ ደሴት ሆኑ እንጂ ደሴትነታቸው አልቀረም። የፎቶው ሌላው ክፍል የፊልም ቅንጣት አለው፤ እነሱ ላይ ምንም የለም። መፍትሔው ቅንጣቱን መመለስ ነበር። ብሩሁን ክፍል ብቻ የሚመርጥ ማስክ ተሠርቶ፣ ጠርዙ በሰፊው እንዲለሰልስ ተደርጎ፣ ከ1.5% እስከ 2% የሚሆን ጥቁርና ነጭ ኖይዝ (የዘፈቀደ ነጠብጣብ) ተጨመረ፤ ከዚያም ከፊልሙ ቅንጣት ጋር እስኪመሳሰል በጥቂቱ እንዲደበዝዝ ተደረገ። ከዚህ በኋላ ነጭና ግራጫ የሚገናኙበት ቦታ ስለታም መስመር መሆኑ ቀርቶ የተበተነ ሽግግር ሆነ። የሽመናው ክርና የጥበቡ ጠርዝም በሰው ዓይን ዘንድ ተመልሶ ጨርቅ መሰለ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የላቀ ውጤት የሰጠው ይህ እርምጃ ነው፤ ሳንቲምም አልወጣበትም።

ኖይዙ ከአውትፑት ሌቭልስ በታች መቀመጥ አለበት። ከላይ ከሆነ አንዳንድ ነጥቦች ተመልሰው 255 ይደርሳሉ፤ ባዶው ነጭም በነጠብጣብ መልክ ይመለሳል።

ድራይቨሩ

የከለር ሞዱ ተትቶ አድቫንስድ ብላክ ኤንድ ዋይት ፎቶ የሚለው ተመረጠ። በከለር ሞድ ግራጫው ከሲያን፣ ከማጀንታና ከቢጫ ጭምር ስለሚቀላቀል ወረቀቱ ላይ የሚከመረው ቀለም ይበዛል፤ ብሮንዚንጉም ከዚሁ ይጠነክራል። በዚህ ሞድ ግን ሥራው በዋናነት የሦስቱ ጥቁሮች (የጥቁሩና የሁለቱ ግራጫዎች) ነው፤ ባለቀለሙ ቶኑን ለማስተካከል በጥቂቱ ብቻ ይገባል። ፎቶሾፕ ላይ የቀለሙን ሥራ ለፕሪንተሩ መተው ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሁለት ጊዜ ይታረማል።

እዚያው ውስጥ ሃይላይት ፖይንት ሺፍት የሚባል አማራጭ አለ። ሲበራ ባዶ በሚቀረው ነጭ ላይ ፈዛዛ ቀለም በጥቂቱ ይረጫል፤ የተሠራውም ለዚሁ የነጸብራቅ ችግር ነው። ፋይሉን ለመነካካት ጊዜ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ግን ጠፍቶ ቆየ፤ ፋይሉ ቀድሞ ወደ 248 ስለወረደ ሁለቱ ሲደራረቡ ነጩን ያቆሽሹታል። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው። የፋይሉ መንገድ የሚመረጠው በማስክ የት ምን ያህል እንደሚገባ ስለሚወሰን ነው። ለሚያበራው ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ ነጭ ኅዳግ ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ከተሠራ እሱም ነጭ ፒክስል ስለሆነ ቀለም ይረጭበታል፤ ኅዳጉ በገጹ አቀማመጥ እንጂ በፋይሉ ውስጥ አይሠራ።

ለጥቁሩ መጋረጃ ደግሞ ከለር ደንሲቲ የሚለው ከ0 ወደ ቅናሽ 8% ወረደ። ቀለም ሲቀንስ ነሐስማው መልክ ለቀቀ። እዚህ ላይ ስግብግብነት ይቀጣል። ብዙ ከተቀነሰ ጥቁሩ ወደ ከሰል ግራጫ ይሄዳል፤ ትንሽ ከተቀነሰ ነሐሱ ይቀራል። ልኩ የሚታወቀው በመሰላሉ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥቁር ሳጥኖች እርስ በርስ እየተለዩ፣ የመጨረሻው ደግሞ ጥቁር ሆኖ መቆየት አለበት።

ወረቀቱ መቀየር ነበረበት

እስከዚህ ድረስ ለውጡ ብዙ ቢሆንም፣ ግሎሲው ወረቀት በስፖት ላይት ሥር አሁንም ከሩቅ ያብለጨልጫል። ለስላሳ ገጽ እንደ መስታወት መብራቱን መልሶ ስለሚልክ ጥቃቅኑ ልዩነት ሁሉ ይጋለጣል። ማት ወረቀት ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ነጸብራቅ የለውምና የነጸብራቅ ልዩነትም የለውም። ዋጋው ጥቁሩ ነው። ጥሩ ማት ወረቀት ላይ የጥቁር ጥልቀት በደንሲቲ መለኪያ (ቁጥሩ ሲጨምር ጥቁሩ ይጠልቃል) 1.6 ወይም 1.7 አካባቢ ሲያቆም፣ ባሪታ በሚባለው የሚያበራ ወረቀት ጥሩው ላይ 2.3ን ያልፋል። የእነዚህ ፎቶዎች ውበት ነጩ ልብስ ከጥቁሩ መጋረጃ ብድግ ብሎ መውጣቱ ስለሆነ ማት አልተመረጠም።

የተመረጠው የሃነሙለ ፎቶ ራግ ባሪታ ነው፤ 315 ግራም፣ 100% ጥጥ። ገጹ ያበራል፤ ነገር ግን የጥጡ ረቂቅ ሸካራነት መብራቱን ስለሚበትነው የቀረው ልዩነት ድንበር አያበጅም። ባሪታ የቀድሞው የጨለማ ክፍል ወረቀት መልክ ስላለው ለእነዚህ ፎቶዎች በዘመኑም ይስማማል። ቶሎ ማግኘት ለሚፈልግና በጀቱ ለሚያንስ ሰው ሻካራ ገጽ ያለው 260 ግራም ላስተርም ከግሎሲው በጣም ይሻላል። መሰላሉ በአዲሱ ወረቀት ላይ እንደገና ታትሞ የአውትፑት ነጩ ከ248 ወደ 250 ሊመለስ ቻለ።

ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ከፊት በኩል ባለው መግቢያ ገባ፤ በህትመት ጭንቅላቱና በወረቀቱ መካከል ያለው ክፍተትም ወደ ሰፊ ተቀየረ። የባሪታ ሽፋን በቀላሉ ስለሚጫር ያለ ጥጥ ጓንት አይነካም። ጫፉ ወደ ላይ የተጠቀለለ ከሆነ ከመግባቱ በፊት ይቃና፤ አለዚያ የህትመት ጭንቅላቱ ይነካውና ጥቁር ጭረት ይጥልበታል።

ስፕሬይ

ፎቶዎቹ ያለ መስታወት ስለሚሰቀሉ የመከላከያ ስፕሬይ በማንኛውም መንገድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ነጸብራቁን ማቀራረቡ ተጨማሪ ጥቅም ነው። ለኢንክጄት የተሠራ ስፕሬይ ገጹን በሙሉ በአንድ ግልጽ ሽፋን ያለብሰዋል፤ ነጩም ጥቁሩም ያን ሽፋን ይጋራሉ። ይሁን እንጂ ስፕሬይ በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አይመጣም። ግሎሲው ላይ የነበረውን ስለታም ድንበር በስፕሬይ ብቻ ለመሸፈን የሚሞክር ሰው ሽፋን ላይ ሽፋን ሲጨምር ገጹን ያጎድፈዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ህትመቱ ከ24 ሰዓት በላይ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ አቧራው ይጠረጋል፤ ከቁልቁል ትንሽ ጋደም ባለ ሰሌዳ ላይ ይያያዛል። ጣሳው በደንብ ይናጣል፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይያዛል። መርጨቱ ከወረቀቱ ውጭ ይጀመርና ወረቀቱን አልፎ ሄዶ ይቆማል፤ ጣት ወረቀቱ ላይ ሳለ ከተጫነ ወይም ከተለቀቀ ጠብታ ይቀራል። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን እስከ ግማሽ ይደርብ። አንዱ ሽፋን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከደረቀ በኋላ ወረቀቱ በ90 ዲግሪ ዞሮ ሁለተኛው ይረጫል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። ሦስት ስስ ሽፋን ከአንድ ወፍራም ሽፋን ይሻላል።

ሲበላሽ የሚበላሸው በሁለት በኩል ነው። በጣም ከቀረበ ይፈስሳል፤ የፈሰሰው ደግሞ ሌላ የነጸብራቅ ልዩነት ነው። በጣም ከራቀ ጠብታው አየር ላይ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ያርፋል፤ በጣት ሲዳሰስ አሸዋ ይመስላል። እርጥበት በበዛበት ቀን ሽፋኑ ነጭ ጭጋግ ሊያወጣ ስለሚችል የሜሪላንድ የበጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ከሰዓት አይመረጥም፤ ደረቅ ጠዋት ይሻላል። ስፕሬዩ ሶልቬንት ያለበትና ተቀጣጣይ ነው። አየር በሚገባ በሚዘዋወርበት ቦታ፣ እሳትና የጋለ ነገር በሌለበት፣ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ጭንብል ተደርጎ ነው የሚሠራው። የአቧራ ጭንብል ለዚህ አይበቃም።

ሌላ ፕሪንተር ላለው

ፒ800 ግልጽ ቀለም የሚይዝ ካርትሪጅ የለውም። ያላቸው ማሽኖች አሉ። የኤፕሰን አር1800 እና አር2000 ግሎስ ኦፕቲማይዘር፣ የካነን ፕሮ-1000 ደግሞ ክሮማ ኦፕቲማይዘር የሚባል ቀለም ይይዛሉ። እነዚህ ላይ ከላይ የተዘረዘረው ሥራ ግማሹ ይቀላል፤ ሴቲንጉ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ለፕሪንተሩ ምርጫ ሲተው ግልጹ ቀለም ሁሉም ቦታ ላያርፍ ስለሚችል፣ ለጥቁርና ነጭ ሙሉ ገጹን ይሸፍን የሚለው ይመረጥ። ካርትሪጁ ቶሎ ያልቃል፤ ገጹ ግን እኩል ይሆናል። ፒ900 ላይ ጥቁሩን ለማጥለቅ በጥቁር ቦታዎች ላይ ፈዛዛ ግራጫ የሚደርብ ሞድ አለ፤ ለመጋረጃው ይጠቅማል፣ ነጩን ነጠላ ግን አይነካውም። የነጩ ሕክምና እዚያም ፋይሉ ላይ ነው።

የአዳራሹ መብራት

የጣሪያው ስፖት ላይቶች ከግድግዳው በጣም ተጠግተው ስለነበር ብርሃኑ በገጹ ላይ እየተንሸራተተ የወረቀቱን ሸካራነትና የስፕሬዩን ሽፋን ያጎላው ነበር። ከቁልቁሉ መስመር 30 ዲግሪ ያህል እንዲያዘነብሉ ወደ ኋላ ተገፉ። በዚህ አቅጣጫ ነጸብራቁ ወደ ወለሉ ስለሚወርድ ቆሞ የሚያይ ሰው ዓይን አያገኘውም። ከፎቶዎቹ አንዱ ብቻ፣ ከመግቢያው በር ትይዩ የተሰቀለው፣ ከመስኮት የሚገባ የከሰዓት ብርሃን ስላገኘው ነጠላው ላይ ስስ ድንበር ቀረበት። እሱ በአውትፑት 246 እንደገና ታትሞ፣ መስኮት ወደሌለው ግድግዳ ተዛወረ።